ጀልባው ተሰርዟል፤ ከልጆችና ከእናቴ ጋር ወደብ ላይ ቀርተናል፣ የት እንሂድ?

የሽቱትጋርቷ (ጠያቂ)፦
ወገኖቼ፣ አሁኑኑ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ብሉ ላጉን ወደሚባለው የመዋኛ ባሕር የምትወስደን ትንሿ ጀልባ በነፋስ ምክንያት ተሰርዛለች። ቲኬት የሸጠልን ልጅ «ነገ ተመለሱ» ከማለት ሌላ ቃል የለውም። ነገ እሑድ ነው፤ ሰኞ በጠዋት በረራ አለን። ከዚያ ቀጥሎ ባሕሩ ላይ የቆመውን ትልቁን የድንጋይ መስኮት ልናይ ነበር። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የት እንሂድ? ገንዘባችንስ ይመለሳል?

ላርናካ፦
እህቴ፣ የትኛው ደሴት ላይ ነሽ? ቆጵሮስም ብሉ ላጉን አለ፤ አካማስ በሚባለው በኩል። የቆማችሁት ላቺ ወደብ ላይ ከሆነ ፓፎስ ሄዳችሁ የነገሥታት መቃብር የሚባለውን ብታዩ ይሻላል።

የሽቱትጋርቷ፦
ማልታ ነው! ቺርኬዋ ወደብ።

ሐምሳ ሎሚ፦
ማልታ ከሆነማ ታገሡ። ቅዱስ ጳውሎስም በነፋስ ምክንያት እዚያው ሦስት ወር ቆይቷል።

መምህር ነኝ፦
ቀልድ አስመሰልከው እንጂ እውነት ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ንና 28ን አንብቡ። 276 ሰዎች የጫነች መርከብ ተሰብራ ሁሉም በሕይወት የወጡባት መላጥያ የተባለችው ደሴት ይህችው ናት፤ እፉኝት ከጳውሎስ እጅ ላይ የተንጠለጠለችውም እዚያ ነው። ኋላም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1530 ንጉሠ ነገሥቱ ቻርልስ አምስተኛ ደሴቲቱን የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች ለሚባሉት ወታደር መነኮሳት ሰጣቸው። በ1565 የኦቶማን ጦር ከብቦ ሊይዛት ሞክሮ ሳይሳካለት ተመለሰ። ቫሌታ ከተማ የተቆረቆረችው በማግሥቱ ዓመት ሲሆን ስሟም ከበባውን ከመከተው የባላባቶቹ አለቃ ከላ ቫሌት የመጣ ነው። ይህን ሁሉ ትቶ ውኃ ውስጥ ለመንቦጫረቅ ብቻ ማልታ ድረስ መሄድ ያሳዝናል። ከምድር በታች የተፈለፈለውን የጥንት መቃብር፣ ሃይፖጂየምን፣ ሳታዩ እንዳትመለሱ።

ሐምሳ ሎሚ፦
ልጆቿ ወደብ ላይ እያለቀሱ ነው፣ አንተ ገና 1565 ላይ ነህ።

ጎዞ ወዳጅ፦
ሃይፖጂየም በቀን 80 ሰው ገደማ ብቻ ስለሚያስገባ ቲኬቱ ከሳምንታት በፊት ያልቃል፤ ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅም አይገባም። እሱን እርሱት። መልሱ ዓይናችሁ ፊት ነው፦ ከዚያው ከቺርኬዋ ጎዞ ወደምትባለው ጎረቤት ደሴት የሚሄደው ትልቁ መርከብ ይነሣል። መኪና የሚጭን ስለሆነ ትንንሾቹን ያስቀረ ነፋስ እሱን ብዙ ጊዜ አያስቀረውም። 25 ደቂቃ ነው። ስትሄዱ አትከፍሉም፣ ክፍያው ስትመለሱ ነው። እዚያ ከግብፅ ፒራሚዶች በዕድሜ የሚበልጡትን የጅጋንቲያ ቤተ መቅደሶች ታያላችሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፦
ሁላችሁም ጥያቄውን እንዳለ ተቀበላችሁት። በመጀመሪያ፣ ያ የድንጋይ መስኮት የለም! በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 8 ቀን 2017 በማዕበል ተደርምሶ ባሕር ገብቷል። አሁን ጎዞ ሄዶ የሚያየው ሰው የሚያየው ባዶ አየር ነው። ሁለተኛ፣ በነሐሴ ወር ብሉ ላጉን ከሕፃናትና ከአዛውንት ጋር ምን ሊሆናችሁ? ጥላ የለም፣ ድንጋዩ ይጋረፋል፣ ፎጣ የምታነጥፉበት ቦታ አይገኝም። ነፋሱ ገላገላችሁ።

የሽቱትጋርቷ፦
መስኮቱ የለም?! የያዝኩት የጉዞ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለው እኮ እሱ ነው።

ሐምሳ ሎሚ፦
ሽፋኑ ላይ እስካሁን አልወደቀም።

ባለ ሻንጣ፦
ትልቁን የጎዞ መርከብ ተሳፈሩ። እዚያው ወደቡ ላይ ነው።

የሽቱትጋርቷ፦
እናቴ መርከብ የሚባል ነገር አልወጣም ብላለች። ማዕበሉን ካየች ወዲህ ማተቧን ይዛ ቁጭ ብላለች። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነው፣ ፍልሰታንም እየጾመች ነው። ከጾም ምግብ ሌላ አፏ አይገባም።

ጎዞ ወዳጅ፦
ይህን መጀመሪያ ብትናገሪ ምን ነበረበት!

የስሊማዋ፦
እኔ እዚሁ ማልታ ነው የምኖረው። እናትሽ ካሉ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነው። ከቆማችሁበት ወደ ቫሌታ የሚሄደውን 41 ቁጥር አውቶቡስ ያዙ። መጀመሪያ ጋዲራ የሚባለው ረጅሙ አሸዋማ ዳርቻ ይመጣል፤ ርቃችሁ ብትገቡም ጥልቀት የለውምና ልጆቹ እዚያ ይንቦጫረቁ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ግን አይግቡ። ከዚያ ዳገቱ ላይ መሊሐ ትደርሳላችሁ። ከፊሉ ከዓለት የተፈለፈለ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ውስጡ ያለውን ሥዕል ወንጌላዊው ሉቃስ ከጳውሎስ ጋር ሳለ እንደሣለው በትውፊት ይነገራል። ስለታቸው የሰመረላቸው ሰዎች ያመጡት ስጦታ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የሕፃን ልብስ ሳይቀር አለ። እኔ እናቴን የወሰድኳት ጊዜ ከዚያ ግድግዳ ሥር ማስነሣት አልቻልኩም። ቀትር ላይ ሊዘጉት ስለሚችሉ ልጆቹን አስቀድማችሁ አዋኙ።

ያው አውቶቡስ ሞስታም ያልፋል። የሞስታ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ለእመቤታችን ዕርገት ነው፤ እናትሽ የሚጾሙለት በዓል ማለት ነው። በ1942 ኤፕሪል 9 ቀን ሕዝቡ ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ የጀርመን ቦምብ ጉልላቱን በስቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ግን አልፈነዳም። የቦምቡን አምሳያ እዚያው ታያላችሁ።

ለምግብ «ቢጊላ» በሉ፦ የደረቀ ባቄላ ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተደቆሰ ነው። ቲማቲምና ዘይት የተቀባ ዳቦም አለ፤ ቱና ስለሚጨምሩበት ያለ ዓሣ ብላችሁ እዘዙ። ሳምቡሳ መሰሉ የአተር ፓስቲትሲ ሊጡ የእንስሳት ስብ ሊኖረው ስለሚችል ሳትጠይቁ እንዳትሰጧቸው።

ባለ ሻንጣ፦
ዓሣ በጾም ይበላ የለ? ምን ችግር አለው?

መምህር ነኝ፦
ማን ነው የሚበላው? ፍትሐ ነገሥቱን እንክፈት?

የስሊማዋ፦
እባካችሁ እዚህ አትክፈቱት። የነገውን ልጨርስ። እሑድ የቫሌታው የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ የኢጣሊያዊውን ሠዓሊ የካራቫጆን ትልቁን ሥዕል አታዩትም። በጠዋት ማርሳሽሎክ የዓሣ ገበያ ሂዱ፤ በጀልባዎቹ አፍንጫ ላይ ሁለት ሁለት ዓይን ተስሏል፣ ልጆች ይወዱታል። ከሰሜን ምዕራብ ሲነፍስ ደቡብ ምሥራቁ ጸጥ ይላልና መዋኘት ከፈለጉ እዚያው አጠገብ ቢርዜቡጃ አለ። ፊት ለፊቱ የኮንቴይነር ወደብ ስለሆነ ለፎቶ አይመችም፣ ውኃው ግን ጥሩ ነው። ማረፊያችሁ ሰሜን ከሆነ ማልደው ተነሡ፤ ደሴቲቱ 27 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትሆንም አውቶቡሱ ያንቀረፍፋል።

ጠበቃ አይደለሁም፦
ገንዘቡን በተመለከተ፦ የአውሮፓ ኅብረት የመርከብ መንገደኞች ሕግ ቁጥር 1177/2010 አለ፤ በሱ ተከራከሩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፦
ያ ሕግ የሽርሽር ጉዞን አይመለከትም። ቲኬቱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቢ፣ በካርድ ከፍለሽ ከሆነም ደረሰኙን አትጣይ። «ነገ ተመለሱ» የሚለውን እሺ ካልሽ ግን አለቀ።

የሽቱትጋርቷ፦
41 መጣ፣ ተሳፍረናል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ የስሊማዋ። እናቴ ገና ከአሁኑ ስለት እያሰበች ነው።

ጎዞ ወዳጅ፦
ገንዘቡስ? መለሱ?

ባለ ሻንጣ፦
ሦስት ቀን ሆነ፣ መልስ የለም። እኔም በመስከረም ልሄድ ስለሆነ ነው፤ ብሉ ላጉን ለመግባት አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል የሚሉት እውነት ነው?

ሐምሳ ሎሚ፦
መጀመሪያ የትኛው ደሴት እንደሆነ ንገረን።