የዕቅድ ውይይት፦ ኤሌክትሮኖች በከፍተኛ ሙቀት፣ የደሴና የኮምቦልቻ አባላት የጋራ ፕሮፖዛል

ሰብሳቢ፣ ደሴ፦
ብርቱ መስተጋብር ባላቸው ኤሌክትሮኖች ላይ እንድንሠራ ተስማምተናል፤ አሁን ጥያቄውን እናጥብብ። በተለመደ ብረት ሙቀት ሲጨምር ኤሌክትሮን ሳይጋጭ የሚጓዘው ርቀት ያጥራል። ይህ ርቀት በሁለት አቶሞች መካከል ካለው ክፍተት በታች ሊወርድ ስለማይችል የሬዚስታንሱ (ብረቱ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቃወምበት መጠን) እድገት እዚያ አካባቢ መርገብ ነበረበት። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቤድኖርዝና ሙለር እ.ኤ.አ. በ1986 በር የከፈቱላቸው፣ ሲቀዘቅዙ ያለ ሬዚስታንስ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት የመዳብ ኦክሳይዶች ግን ይህን ወሰን አያውቁትም፤ አንዳንዶቹ እስከ 1000 ኬልቪን ሲሞቁ ሬዚስታንሳቸው ሳይገታ ይወጣል። ናሙና ሠርተን በምድጃ እየለካን ብንጀምርስ?

አባል፣ ኮምቦልቻ፦
ጋሼ፣ ጥያቄው ያጓጓል፤ ልኬቱን ግን እንተወው። ምድጃው፣ ንጹሕ ኬሚካሉና የውጭ ምንዛሪው እስኪገኝ ጊዜው ያልቃል። የሚያዋጣን ስሌት ነው፤ ከፍተኛ ሙቀት ደግሞ ለስሌት ያግዛል። ሙቀቱ በበዛ ቁጥር የአንዱ ኤሌክትሮን ተጽዕኖ ሩቅ ስለማይደርስ ጥቂት የአቶም ቦታዎች የተደረደሩበት ትንሹ ድርድር ስለ ትልቁ በታማኝነት ይናገራል። በሃባርድ ሞዴል፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች ከቦታ ቦታ እየዘለሉ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሲገናኙ በሚገፋፉበት ቀላል ሞዴል፣ 8 ቦታ ላይ 7 ኤሌክትሮን ብናስቀምጥ፣ አራቱ አንድ ስፒን (ኤሌክትሮን ካሉት ሁለት መግነጢሳዊ አቅጣጫዎች አንዱ) ሦስቱ ሌላ ስፒን ይዘው፣ ሁኔታዎቹ፣ ማለትም ሊኖሩ የሚችሉት አቀማመጦች፣ 3920 ብቻ ናቸው። ይህን የቢሮ ኮምፒውተር ይፈታዋል።

አባል፣ ደሴ፦
እህታችን ባለችው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፦ ቦታዎቹን በአንድ መስመር አንደርድር። የአንድ መስመሩን ሞዴል የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሊብና ዉ እ.ኤ.አ. በ1968 በትክክል ፈትተውታል፤ በውስጡ የማይለወጡ መጠኖች ስለበዙ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ጨርሶ አይሞትም፣ ሬዚስታንሱም ያሳስተናል። 2 በ4 መሰላል ይሁን፣ አራት አራት ቦታ ያላቸው ሁለት ጎን ለጎን መስመሮች። ደግሞም የትንሽ ድርድር ስሌት የሚሰጠው ግራፍ ቀጣይ ኩርባ ሳይሆን ተራርቀው የቆሙ ቀጥ ያሉ መስመሮች ነው፤ እንዴት እንደምናለሰልሳቸው በፕሮፖዛሉ ካልጻፍን ገምጋሚ አይምረንም፣ ሊምረንም አይገባም። በ12 ቦታና በ11 ኤሌክትሮን ሁኔታዎቹ 731,808 ይሆናሉ፤ እዚያ ትልልቅ ማትሪክሶችን በግምት በሚፈታው በላንቾስ ዘዴ እናመሳክር።

ሰብሳቢ፣ ደሴ፦
አሳምናችሁኛል፤ ምድጃው ቀርቷል። እምብርቱ እንዲህ ይሁን፦ የሬዚስታንስ ግልባጭ የሆነው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ የኤሌክትሮኖች የስርጭት መጠን (ምን ያህል ፈጥነው እንደሚበተኑ) እና የመታመቅ አቅማቸው (ሲገፉ ምን ያህል እንደሚጠጋጉ)። ሙቀቱ እጅግ ሲበዛ ስርጭቱ በአንድ ደረጃ ይረጋል፤ የመታመቅ አቅሙ ግን ሙቀቱ በጨመረ መጠን ያንሳል። ሬዚስታንሱ ያለ ገደብ የሚያድገው በዚህ እንጂ ግጭቱ ስለበዛ አይደለም። የምንጠይቀው ይህ ማብራሪያ ሙቀቱ ሲወርድ የት ላይ እንደሚከዳን ነው። የፕሪንስተን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ሥራ ኤሌክትሮኖችን ተክተው በሚሠሩ የሊቲየም አቶሞች ሁለቱንም ስለለኩ ማመሳከሪያ አለን።

አባል፣ ኮምቦልቻ፦
የመታመቁን ስሌት እኛ እንውሰድ፣ ስርጭቱን ደሴ ይያዝ። አንድ ማሳሰቢያ፦ የመዳብ ኦክሳይዶቹ 1000 ኬልቪን በሃባርድ ሞዴል ሚዛን ገና ዝቅተኛ ሙቀት ነው። ማብራሪያችን እነርሱ ድረስ ይዘልቃል ብለን በርዕሱ ቃል አንግባ።