«ታሊ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ሁለቱን ግማሾቹንስ?

መዝገብ ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ለሚታተም የመዛግብት አያያዝ ማስተማሪያ ስለ መካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ግምጃ ቤት አንድ ምዕራፍ እየተረጎምኩ ነው። «ታሊ»ን «ቆጠራ» ብዬው ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ፈረሰ። ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ግማሽ «ስቶክ» ሌላው «ፎይል» ይባላል ይላል። ስቶክ ብዬ ብተወው አንባቢ የዕቃ ክምችት ይመስለዋል፣ ፎይል ብለው ደግሞ ምግብ መጠቅለያውን። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ብራናው፦
«ቆጠራ» አይሆንም፤ ታሊ ዕቃ ነው፦ የተከፈለ ገንዘብ በጥርብ የሚመዘገብበት እንጨት። «የሒሳብ እንጨት» ቢሉት ይበቃል። ርዝመቱ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ደንብ ከተዘረጋ አውራ ጣት ጫፍ እስከ አመልካች ጣት ጫፍ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከሄዝል እንጨት ነው። ገንዘቡ የሚታየው ጠርዙ ላይ በሚጠረበው ስፋት ነው፦ ለ1,000 ፓውንድ የመዳፍ ውፍረት፣ ለ100 የአውራ ጣት፣ ለ20 የትንሿ ጣት፣ ለ1 ፓውንድ የደረሰ የገብስ ፍሬ ያህል። ሽልንግ ከዚያ ያነሰ ነው። ለፔኒ እንጨት አይነሳም፤ አንድ ጭረት ብቻ። እዚህ ላይ «ጋት» እንዳይጽፉ። ጋት የአራት ጣት ወርድ ነው፣ ደንቡ የሚለው ግን የመዳፍ ውፍረት ነው፤ ጋት ካሉ ጥርቡ በእጥፍ ሊሰፋ ይችላል።

ከዚያ የከፋዩ ስምና የክፍያው ምክንያት በሁለቱም ገጽ በቀለም ይጻፋል። አንደኛው ጫፍ አጠገብ እስከ ውፍረቱ እኩሌታ በአግድም ይቆረጥና ከሌላው ጫፍ ጀምሮ በቁመቱ እስከ ቁርጡ ይሰነጠቃል። አጭሩ ግማሽ ፎይል ነው፤ ግምጃ ቤት ይቀራል። እጀታ የተረፈለት ረጅሙ ስቶክ ለከፋዩ ይሰጣል። እያንዳንዱ ጥርብ ለሁለት ስለተከፈለ፣ አንዱ ወገን ብቻውን ጭረት ቢጨምር ሲገጣጠሙ ይጋለጣል። ሌላ እንጨት አምጥቶ መተካትም አይቻልም፣ የእንጨቱ ቃጫ አይገጥምም።

ስለዚህ ለፎይል «ቀሪ» የሚለው ቃል ልክክ ይላል። ፒያሳ ያለ ገንዘብ ተቀባይ ሁሉ «ቀሪው ጥራዙ ላይ ነው» ሲል የሚያወራው ስለዚሁ ነው፦ ገንዘቡን ከተቀበለው ዘንድ ስለሚቆየው ወገን። ስቶክ «ደረሰኝ» ይሁን። ቃሉ ራሱ «ገንዘቡ ደረሰኝ» የሚለው የግምጃ ቤቱ ቃል ነው፤ ከዚህ የተሻለ አላገኝም። «ዋና» እና «ግልባጭ» ግን በፍጹም አይበሉ። ከሁለቱ አንዱም ከሌላው አልተገለበጠም፤ በአንድ ቢላዋ አንድ ጊዜ ነው የተጠረቡት።

አራት ኪሎ፦
በ«ቀሪ» እስማማለሁ። «ደረሰኝ» ግን በየቦታው አይሠራም። ንጉሡ ባለዕዳ ሲሆን ግምጃ ቤቱ ገንዘቡ ሳይገባ አስቀድሞ እንጨቱን ይጠርብና ስቶኩን ለአበዳሪው ይሰጠዋል። አበዳሪው እሱን ይዞ የአንዱን አውራጃ ሸሪፍ (የንጉሡን ገቢ የሚሰበስብ ሹም) ወይም የወደብ ቀረጥ ሰብሳቢ ዘንድ ሄዶ ይቀበላል፤ የከፈለው ሹም ደግሞ ያንኑ ስቶክ ለሒሳብ ማወራረጃ ይዞት ይመጣል። ታዲያ አበዳሪው እጅ ሳለ ምን ደርሶ ነው ደረሰኝ የሚባለው? እዚያ ላይ «የክፍያ ማዘዣ» ነው። ሰብሳቢው እጅ ገንዘብ ከሌለ አበዳሪው እንጨቱን ታቅፎ ይቀራል፤ ይህ ደጋግሞ የደረሰ ችግር ነው። ምዕራፉ የትኛውን እንደሚያወራ ሳያዩ አንድ ቃል ብቻ አያስገቡ።

መዝገብ ቤት፦
ሁለቱም አሉበት! የመጀመሪያው ክፍል የሸሪፉ የፋሲካ ክፍያ ነው፣ ሁለተኛው የንጉሡ ብድር። እንግዲያው በመጀመሪያው «ደረሰኝ»፣ በሁለተኛው «ማዘዣ»፣ ፎይል በሁለቱም «ቀሪ»።

ብራናው፦
ልክ ነው፣ የማዘዣውን ነገር ዘልዬው ነበር። ሸሪፉ ካለ ግን ሒሳቡ የሚዘጋበት የሚካኤል በዓልም ይመጣል። «ሚካኤል» ብቻ ካሉ አንባቢያችን ኅዳር 12 ነው የሚያስበው፤ ሴፕቴምበር 29 ብለው ይጻፉ። ዓመታዊው ሒሳብ የሚሰፍርበትን ጥቅልም «የበግ ብራና» ይበሉት። በግ የተመረጠው ሲፋቅ ፍቀቱ ስለሚታይ ነው፤ የኛ ብራና ደግሞ በብዛት የፍየል ስለሆነ ዝም ብለው «ብራና» ካሉ ምክንያቱ ይጠፋል።

አራት ኪሎ፦
ዓመቶቹ ላይ እ.ኤ.አ. አይርሱ። የሒሳብ እንጨቱን የሚያስቀረው ሕግ የወጣው በ1783 ቢሆንም በዚሁ ሥራ የተሾሙት ሰዎች እስኪያልፉ ተጠብቆ እንጨቱ የቀረው በ1826 ነው። ኦክቶበር 16 ቀን 1834 የተጠራቀመውን እንጨት ሲያቃጥሉ ምድጃው ከልክ በላይ ግሎ የፓርላማውን ሕንፃ አነደደው።