ልጆቹ ከሰንሰለትና ከእንባ ሌላ አይስሉም፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (የክበቧ መምህርት፣ ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ትምህርት ቤት የሥዕል ክበብ ይዣለሁ። ልጆቹ ከ14 እስከ 17 ዓመት ናቸው። ለዓመቱ መዝጊያ ኤግዚቢሽን «ስለ ራሳችሁ ወይም ስለ ሰፈራችሁ የሚያሳስባችሁን ሥሩ» አልኳቸው። የመጣው ሁሉ አንድ እናት የወለደችው ነው የሚመስለው። በሰንሰለት የታሰረ እጅ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ልብ፣ የሚያነባ ዓይን። ከሥሩ «ጫት ይብቃ!»፣ «ስደት ይቁም!»። ሲያወሩ ግን ሌላ ናቸው። ስለ ታህሪብ፣ በድብቅ ስለሚሄዱት ስደት፣ ከተነሳ ከሰፈሩ ማን እንደሄደ፣ ማን ጅቡቲ ባሕር ዳር ኦቦክ ላይ እንደቀረ፣ ማን ለእናቱ ሳይነግር እንደወጣ ሁሉን ያውቃሉ። ወረቀት ሲሰጣቸው ያ ሁሉ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ሌላም አለ። አንዲት ልጅ ስለ ቤታቸው የሚያስጨንቅ ሥዕል ሰጠችኝ። ከሁሉም የበለጠ ሥራ እሱ ነው። ልስቀለው ወይስ ይቅር? ርዕሰ መምህሩ ደግሞ «ወላጅ ይመጣል፣ ደስ የሚል ነገር ይሳሉ» ይላሉ። በጀት የሚባል ነገርም የለም፤ ካርቶን ብቻ ነው ያለን።

ጡረተኛ የሥዕል መምህር፣ ሳቢያን

ልጄ፣ ርዕስ አትስጫቸው። «ስደት» ስትያቸው ቴሌቪዥን ላይ ያዩትን ነው የሚስሉልሽ። ዕቃ ስጫቸው። «ቤታችሁ ውስጥ ማንም የማይነካው ዕቃ የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ወይም «የሄደው ሰው ምን ጥሎ ሄደ?»። ከዚያ ዕቃውን ከፊታቸው አስቀምጠው ይሣሉት እንጂ ከጭንቅላታቸው አይሁን።

አንድ ተማሪዬ የአያቱን የምድር ባቡር ኮፍያ ሣለ። ምስማር ላይ እንደተሰቀለ፣ አቧራው ሳይቀር። አንድም ቃል አልጻፈበትም። ባቡሩ ቆሞ ሰውዬው እቤት ከዋለ በኋላ ኮፍያውን ማንም አያወርደውም ነበር። የባቡር ጣቢያው ሰፈር ከዚራ ያደገ ሰው ቆሞ ሲያየው ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ሰንሰለት፣ ልብና እንባ ለጊዜው ክልክል ይሁን። ሥዕሉ ላይ መጻፍም እንደዚያው። ይነጫነጫሉ። ይነጫነጩ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርሽ? ሰንሰለት የምንስለው ማርክ ስለሚያሰጥ ነው። ውድድር ላይም የሚያሸንፈው እሱ ነው፤ ዳኞች መፈክር ይወዳሉ። ደግሞ ሰንሰለት ስስል «ይሄ ማነው?» የሚለኝ የለም። አባቴን በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቅም፣ ብስለው ግን አለቀልኝ።

እኔ ምን ሠራሁ፣ ገረባ፣ ከተቃመ ጫት የሚተርፈውን፣ ሰብስቤ አደረቅኩ። ከዚያ ካርቶን ላይ በኮላ እየለጠፍኩ ሳሎናችንን ሠራሁበት። ፍራሹ፣ ትራሱ፣ ፔርሙዙ፣ ሁሉም ገረባ ነው። ሰው የለበትም። ፀሐይ ላይ ሳሰጣው የጎረቤት ፍየል ልትጨርሰው ነበር፣ ወላሂ። አባቴ አይቶት መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ ዝም አለ። ከዚያ «ትራሱ በዚህ በኩል ነው» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ሌላ ምንም አላለም።

እናት፣ ገንደ ቆሬ

ስለ ልጅቷ ሥዕል ልናገር። አትስቀዪው። ልጅቷ ደስ ብሏት እሺ ብትልሽ እንኳ አትቸኩዪ። አንቺ ጭብጨባውን ሰምተሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ፤ እሷም ቤቷ ትገባለች። እናቷ ብሆን ጎረቤት ፊት ገበናዬ ሲወጣ መጀመሪያ የምቆጣው በልጄ ላይ ነው። ልክ ነው አላልኩም፣ የሚሆነውን ነው የምነግርሽ።

የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ ሐረር

ከእናታችን ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ዝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍም ልጅቷን «ነውር ሠራሽ» እንደማለት ነው።

ሥዕሉን ከመስቀልሽ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ሥዕሉ ያለፈ ሐዘን ነው ወይስ አሁን ያለ አደጋ? ሌላ ተማሪ በማይሰማበት፣ ግን በሩ ክፍት በሆነ ቦታ አነጋግሪያት። «ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ እንደ ምርመራ ይሆንባታል። «ስለዚህ ሥዕል ንገሪኝ» በቂ ነው። «ለማንም አልናገርም» ብለሽም ቃል እንዳትገቢ፤ አደጋ ካለ መናገርሽ አይቀርም፣ ያኔ እምነቷን ታጫለሽ። አደጋ ከሆነ ብቻሽን አትያዢው። ለትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚይዘው ቢሮ፣ ካስፈለገም በፖሊስ በኩል ይህንኑ ጉዳይ ለሚይዘው ክፍል አሳውቂ። ጉዳዩ የጋብቻ ከሆነ ደግሞ ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ይላል፣ የወላጅ ፈቃድ አይለውጠውም።

ለሁሉም ልጆች ሦስት ማህደር አዘጋጂ፤ «ለራሴ»፣ «ለክበቡ ብቻ»፣ «ለሁሉም»። ሥራው የቱ ውስጥ እንደሚገባ ባለቤቱ ይወስን። እስከ መክፈቻው ጠዋት ድረስ ሐሳቡን መቀየር ይችላል፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅ። የሠሪውን ስም አለመጻፍ ብቻውን አይሸሽግም። ድሬ ውስጥ የበሩን ቀለም አይቶ ቤቱን የሚያውቅ አይጠፋም። በስልክ ፎቶ ማንሳትም ይከልከል፤ ማታውን ቲክቶክ ላይ ነው የምታገኚው።

ሠዓሊ፣ ሐረር፣ ጀጎል

እኔ ወደ ቀለሙ ልሂድ። አቦ፣ በጀት የለም ብለሽ አትጨናነቂ።

ካርቶኑን መጀመሪያ በጄሶና በኮላ ቀቢው። ነጩ የእንጨት ኮላ ይሁን፣ ውሃ ጨምረሽ እንደ እርጎ አቅጥኚው። ኖራ አይሁን፤ የልጅ እጅና ዓይን ያቃጥላል። ካርቶን በአንድ በኩል ብቻ ከተቀባ በድሬ ሙቀት ወዲያው ይጣመማል፣ ስለዚህ ጀርባውንም ቀቢ።

ቀለም ከአፈር ይሠራል። በሐረር መንገድ ከደንገጎ በላይ ስትወጪ የአፈሩ ቀለም ይለያያል፣ ከየመንገዱ ትንሽ ትንሽ ያዢ። ፀሐይ ላይ አድርቀሽ፣ ወቅጠሽ፣ በአሮጌ ሻሽ ንፊው። ከኮላና ከውሃ ጋር ለውሺው። ለጥቁር ከሰል አድቅቂ። ሲደርቅ በጣትሽ ፈትጊው፤ ከለቀቀ ኮላው አንሷል፣ ካብለጨለጨ በዝቷል።

ለልጆቹ ይሄንንም ንገሪያቸው። እዚያው ድሬ አጠገብ ካለው ከፖርክ ኤፒክ ዋሻ ተመራማሪዎች ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ቀይ የቀለም ድንጋይ አግኝተዋል። ዕድሜው ወደ 40 ሺህ ዓመት ይገመታል። የተፈጨ አለ፣ የተፋቀ አለ። ለገ ኦዳ ዋሻ ደግሞ የጥንቱ ሥዕል ራሱ ዓለቱ ላይ አለ። «ቀለም የለንም» የሚል ልጅ ከዚህ በኋላ ያፍራል።

የከዚራ ልጅ

ርዕሰ መምህሩን ከተማችንን በሚያቋርጠው ወንዝ፣ በደቻቱ ያዣቸው። የ1998ቱን ጎርፍ እምቢ የሚል የድሬ ሰው የለም። ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት ሌሊት ነው፣ ልጆቹ ግን አልተወለዱም ነበር። ቤት ሄደው አያት፣ አጎት፣ ጎረቤት ይጠይቁ፤ «ውሃው እስከ የት ደረሰ?»። የተነገራቸውን ከፍታ በሜትር ለክተው መጥተው የመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ገመድ ይወጥሩ። ሥዕሎቹ ከገመዱ በላይና በታች ይሰቀሉ። ሰው የሞተበትን ግን ካላነሳው አይጎትጉቱት። ርዕሰ መምህሩ አንዴ በዚህ ከገቡ ሌላውንም ያሳልፉልሻል።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ልጅቷን አነጋገርኳት፤ ነገሩ ያለፈ ነው፣ አያቷ ዘንድ ነው የምትኖረው። ሥዕሉን ራሷ «ለክበቡ ብቻ» ውስጥ አስገባችው። ርዕሰ መምህሩ ገመዱን ወደዱት። ሁለት ነገር ቀረኝ። የሥዕሎቹን ርዕስ በየትኛው ቋንቋ ይጻፉ? መክፈቻውንስ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን ብለውኛል፣ ምን ትላላችሁ?

የ11ኛ ክፍል ተማሪ

አቦ ቲቸር፣ ሁሉም በቤቱ ቋንቋ ይጻፍ፤ ኦሮምኛም ሶማሊኛም ሐረሪም። ያልገባው ይጠይቅ። ከሰዓቱ ግን አይሆንም። በዚያ ሙቀት ማን ይወጣል? አባቶቻችን ደግሞ በርጫ ላይ ናቸው። ጠዋት በሦስት ሰዓት አድርጊው።