ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው የትኛው "116ኛ ጎዳና" ነው?

የማታ ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ልማር ነው፤ የማርፈው ጄኤፍኬ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ካርታው ላይ "116ኛ ጎዳና" የሚባል ጣቢያ ብዙ ቦታ አየሁ፤ ሁለቱ ቀይ መስመር ላይ ናቸው። የግቢው የትኛው ነው? ሁለት ትልልቅ ሻንጣ አለኝ፤ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ።

ሰፈርተኛ
እህቴ፣ አራት ናቸው። ያንቺው ብሮድዌይ ላይ ያለው፣ 1 ቁጥር ባቡር የሚቆምበት ነው። የቢ እና የሲ ጣቢያ ከሞርኒንግሳይድ ፓርክ ማዶ ነው፤ የ2 እና የ3 ሌኖክስ ላይ፣ የ6 ደግሞ ሌክሲንግተን ላይ።

ቀለሙን አትመኚ፣ ቁጥሩን እዪ። 1፣ 2 እና 3 ሁሉም ቀይ ናቸው፤ ከ96ኛ ጎዳና በኋላ ግን 1 በብሮድዌይ ይቀጥላል፣ ሁለቱ ወደ ሐርለም ይታጠፋሉ። አዲስ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። 2 ወይም 3 ቀድሞ ከመጣ ተሳፈሪ፣ ፈጣን ነው፤ 96ኛ ላይ ወርደሽ እዚያው ፕላትፎርም ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣውን 1 ያዢ።

ከጄኤፍኬ፦ በኤርትሬን (የማረፊያው ባቡር) እስከ ጃማይካ ጣቢያ (ሒሳቡ ለብቻው ነው)፣ ከዚያ በኢ ባቡር 42ኛ ጎዳና ፖርት ኦቶሪቲ፣ ከዚያ በውስጥ ኮሪደሩ ወደ ታይምስ ስኩዌር ተሻግረሽ "አፕታውን" (ወደ ሰሜን) የሚለውን 1።

ደረጃ ጠል
ሻንጣውን ረሳችሁት! የግቢው ጣቢያ በ1904 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ ሊፍት የለውም። እኔ ብሆን ሊፍት ያለው 96ኛ ላይ ወጥቼ፣ ብሮድዌይን ይዞ ሽቅብ የሚሄደውን ኤም104 አውቶቡስ እይዛለሁ። ባቡር የገባሽበትን ያንኑ ካርድ ወይም ስልክ አውቶቡሱ ላይ ካስነካሽ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ድጋሚ አያስከፍልሽም።

እግረኛ
በሲ መጥቶ ፓርኩን አቋርጦ መግባትስ? ቅርብ ነው እኮ።

ደረጃ ጠል
ካርታ ላይ ቅርብ ነው ወንድሜ፤ ግቢው ያለው ገደሉ አናት ላይ ነው። ያንን ደረጃ ሻንጣ ተሸክመህ ውጣውና ንገረን።

ሰፈርተኛ
ስለ አውቶቡሱ ልክ ነው፣ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከሆነ ግን ከመነሳትሽ በፊት የኤምቲኤን (የከተማውን ትራንስፖርት ድርጅት) አፕ እዪ፤ ለጥገና መስመር ይቀያይራሉ።

የማታ ተማሪ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሻንጣዬን ካራገፍኩ በኋላ ግን በባቡር ነው የምመላለሰው፤ መውጫው በየት በኩል ነው? ወንድሜ ደግሞ በላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚመጣው።

ሰፈርተኛ
አፕታውን ስትመጪ የምትወጪው በብሮድዌይ ምሥራቅ፣ በዋናው በር በኩል ነው። ወደ መሐል ከተማ ስትሄጂ ምዕራቡን መግቢያ ያዢ፤ ካርድ ከማስነካትሽ በፊት "ዳውንታውን" የሚለውን አረጋግጪ። ወንድምሽ ባቡር አያስፈልገውም፤ ኤም60 አውቶቡስ ከላጓርዲያ ተነስቶ 116ኛና ብሮድዌይ ያወርደዋል።