የአውስትራሊያ መጻሕፍት የምታነቡ ካላችሁ፦ «ካርፐንታሪያ» ላይ ቆሜያለሁ፣ ቀጥሎ ምን ላንብብ?

ጽጌ_ሜልበርን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሜልበርን ከመጣሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አምና አንድ ነገር ወሰንኩ። የምኖርበትን አገር በዜናና በሥራ ቦታ ወሬ ብቻ ከማውቀው የራሱ ደራሲዎች ይንገሩኝ አልኩ። ከሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ዓመቱን ሙሉ የአውስትራሊያ መጽሐፍ ብቻ አነበብኩ። አመራረጤ ሥርዓት የለውም። ሽፋኑ የሳበኝን፣ የሥራ ጓደኛዬ ያበደረችኝን፣ ሰው መልሶት ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ነው ያነበብኩት።

ከሁሉም ልቤ የቀረው የቲም ዊንተን «ክላውድስትሪት» ላይ ነው። በ1991 የወጣ ነው። ፐርዝ ውስጥ አንድ ሰፊ አሮጌ ቤት አለ፤ ፒክልስና ላምብ የሚባሉ ሁለት ድሃ ቤተሰቦች ለሁለት ተካፍለውት ሃያ ዓመት ይኖሩበታል። በአንዱ በኩል ዕድሉን የሚጠብቅ ቁማርተኛ አባት፣ በሌላው በኩል ሥራ የማይደክማቸው ባልና ሚስት። ፊሽ የሚባለው የላምቦች ልጅ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ከሞት አፋፍ ይመለሳል፤ ግን ሙሉውን አልተመለሰም፣ ግማሹ እዚያው ውሃው ውስጥ ቀርቷል። እናቱ ኦሪኤል ቤት እያላት ጓሮ ድንኳን ተክላ ለብቻዋ ማደር ስትጀምር ሆዴ ባባ። ደራሲው ሰዎቹ ሲነጋገሩ የጥቅስ ምልክት አያደርግም። መጀመሪያ ማን እንደሚናገር ጠፍቶኝ ተናድጄ ነበር። ወደ ሃምሳኛው ገጽ ግን የእያንዳንዳቸውን ድምፅ ልክ እንደ ጎረቤት ድምፅ ለየሁት።

ቀጥዬ የኬት ግሬንቪልን «ዘ ሲክሬት ሪቨር» ያዝኩ። ዊሊያም ቶርንሂል የለንደን ጀልባ ቀዛፊ ነው። እንጨት ሰርቆ ሞት ይፈረድበታል፤ ፍርዱ ወደ ግዞት ተለውጦለት በ1806 ሲድኒ ይገባል። ከዚያ ሆክስበሪ ወንዝ ዳር አንድ መሬት ያያል፣ ይመኘዋል፣ ይይዘዋል። የአገሬው ሰዎች የሚበሉትን ሥራሥር አረም መስሎት ነቅሎ በቆሎ ይዘራበታል። እዚያ ጋ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ባለጸጋ ሆኖ የድንጋይ ቤት ሲሠራ፣ ከመሠረቱ ሥር ነባሮቹ ሰዎች ዓለት ላይ የቀረጹት ዓሣ አለ። ቤቱ ከላዩ ተተከለበት። ዓሣው እዚያው ነው፣ ማንም አያየውም፣ ቶርንሂል ግን እንዳለ ያውቃል። ይህ ምስል አሁንም ከፊቴ አይጠፋም። የጎደለኝ አንድ ነገር ነው። የወንዙን ሰዎች ሁሌም ከሩቅ፣ በቶርንሂል ዓይን ብቻ ነው የማያቸው። እነሱ ምን እያሉ ነው? ይህ ጥያቄ ረሃብ ሆኖ ቀረብኝ።

የሄለን ጋርነር «ዚስ ሃውስ ኦፍ ግሪፍ» እንቅልፍ ነሳኝ። እውነተኛ ታሪክ ነው። በ2005 በአባቶች ቀን ምሽት አንድ አባት መኪናውን ግድብ ውስጥ ይከታል፤ ሦስት ልጆቹ ይሞታሉ፣ እሱ ይወጣል። ደራሲዋ ፍርድ ቤት ተቀምጣ ችሎቱን ትከታተላለች። አትፈርድም፣ አታባብልም፣ የምስክሮቹን ፊት እያየች ትጽፋለች። ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛ ግን አላነበውም።

የጄን ሃርፐርን «ዘ ድራይ» በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ድርቅ የመታው የገጠር ከተማና ግድያ ነው። ጥሩ ነው፣ ይነበባል። የፓትሪክ ዋይትን «ቮስ» ደግሞ ከመቶ ገጽ በኋላ መለስኩት። ሰውየው በ1973 ኖቤል ያገኘ ትልቅ ደራሲ ነው፣ አከብረዋለሁ። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን ሰው እንዳይጠጋቸው የታጠሩ ይመስሉኛል።

አሁን ወደ ችግሬ። ያን ረሃብ ላስታግስ ብዬ የአሌክሲስ ራይትን «ካርፐንታሪያ» ተዋስኩ። ራይት ከአገሬው ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዋኒ ሕዝብ ልጅ ናት፤ መጽሐፉ በ2007 ማይልስ ፍራንክሊን የተባለውን ትልቁን ሽልማት አግኝቷል። ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። ሦስቴም ወደ ሰማንያኛው ገጽ ስደርስ ቆምኩ። ታሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ጎን ይወጣል፣ ከአንድ ሰው ጋር ሲያስተዋውቀን አያቱም እባቡም ወንዙም አብረው ይመጣሉ። እንግሊዝኛዬ ነው ችግሩ ወይስ አነባበቤ? ልተወው ወይስ ልታገል? ሌላ የምትመክሩኝ ካለም በነካ እጃችሁ።

የፐርዙ፦

ሰላም ጽጌ። ስለ «ክላውድስትሪት» ያልሽው ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ዘለሻል። እዚያ ቤት ውስጥ መስኮት የሌለው፣ ፒያኖ ያለበት ክፍል አለ። ሁለቱ ቤተሰቦች ከመግባታቸው በፊት የቤቱ ባለቤት የነበረችው መበለት የአገሬውን ተወላጅ ልጃገረዶች ሰብስባ «ልታሠለጥናቸው» ዘግታባቸው ነበር። አንዷ መርዝ ጠጥታ እዚያ ክፍል ውስጥ ሞተች። ቤቱ የሚያቃስተው ለዚያ ነው። ቤተሰቦቹ በክፍሉ በር ሲያልፉ ይጨንቃቸዋል እንጂ ምክንያቱን አያውቁም። አንቺ ግሬንቪል ጋ ያየሽው ዓሣ ዊንተንም ጋ አለ፣ ከወለሉ ሥር ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ። እኔ ሁለተኛ ሳነበው ነው የገባኝ። አሁን ደጋግሞ የሚያናድደኝ ደግሞ የልጅቷ ስም አለመነገሩ ነው።

ለቀጣይ የምመክርሽ የፒተር ኬሪን «ትሩ ሂስትሪ ኦፍ ዘ ኬሊ ጋንግ» ነው። በ2001 ቡከር የተባለውን ትልቅ የእንግሊዝ የልብ ወለድ ሽልማት አግኝቷል። ኔድ ኬሊ ሽፍታ ነው። እነሱ ቡሽሬንጀር ይሉታል፤ እኔ ግን ከኛ «ሽፍታ» ከሚለው ቃል የተሻለ አላገኘሁለትም፣ ምክንያቱም ቃሉ ወንጀሉንም በደሉንም ወኔውንም አንድ ላይ ይዟል። አባቱ ከአየርላንድ በግዞት የመጣ፣ ቤተሰቡ በፖሊስ የተማረረ፣ ከማረሻ ብረት የጦር ልብስ አሠርቶ የተዋጋ፣ በመጨረሻ ኅዳር 1880 እዚያው አንቺ ያለሽበት ሜልበርን የተሰቀለ ሰው። ጄሪልደሪ በምትባል ከተማ በ1879 ያጻፈው ደብዳቤ አለ፤ ሃምሳ ስድስት ገጽ ነው። አቤቱታም ነው፣ ዛቻም ነው፣ እርግማንም ነው። ኬሪ የልብ ወለዱን ድምፅ ከዚያ ነው የወሰደው። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ኮማ አታገኚም። ሰውየው ትንፋሹን ሳይወስድ ነው የሚያወራሽ። የደብዳቤው ዋና ቅጂም የጦር ልብሱም ቪክቶሪያ ስቴት ላይብረሪ ስላሉ ከንባቡ በፊት ሄደሽ እያቸው። የራስ ቁሩ ላይ ለዓይን የተተወችውን ቀዳዳ ስታዪ መጽሐፉ ሌላ ይሆንብሻል።

«ቮስ»ን በመመለስሽ ግን አዝኛለሁ። መጀመሪያው ይከብዳል፣ እውነት ነው። በረሃ ሊያቋርጥ የወጣው ቮስና ሲድኒ የቀረችው ሎራ በሐሳብ መነጋገር ሲጀምሩ ግን አጥሩ ይከፈታል። አንድ ቀን ተመለሺበት።

ሰናይት፦

ጽጌዬ፣ እንግሊዝኛሽ አይደለም። እኔም እዚያው ገጽ አካባቢ ሁለቴ ወድቄያለሁ። ያዳነኝ አንድ ቀን ወጥ እየሠራሁ፣ ሽንኩርቱ እስኪበስል ቆሜ ስጠብቅ፣ መጽሐፉን ጮክ ብዬ ማንበቤ ነው። ልክ ድምፄ ሲወጣ ዓረፍተ ነገሮቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ይህ መጽሐፍ የሚነገር ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ሽማግሌ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። «ያ እንኳ የእከሌ ልጅ፣ ያ ጎርፍ የመጣ ጊዜ የተወለደው» ይላል፣ ጎርፉን ይተርካል፣ ከዚያ ይመለሳል። አያቶቻችን እንዲህ አይደል የሚያወሩት? በዓይን ብቻ ስናነበው ጠፋን እንጂ በጆሮ እኮ እናውቀዋለን።

አንጀል ዴይ ከቆሻሻ መጣያው የድንግል ማርያም ሐውልትና ሰዓት የምታገኝበትን ምዕራፍ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ሌላው የጣለውን ዕቃ ሰብስባ ቤት የሠራች ሴት ናት። ኩራቷን፣ ጠቧን፣ ከጎረቤት ጋር የሚነሳውን ግርግር ስትሰሚ ከዚያ በኋላ አታቋርጪም። ዴስፐራንስ የምትባለው ከተማም አለችልሽ፤ ወደብ ተብላ ተቆርቁራ ወንዙ መንገዱን ቀይሮ ጥሏት የሄደ ከተማ። ነጮቹ እንደ ድሮው ወደብ አላት ይላሉ፣ ውሃው ግን የለም። ይህን ያህል ነገር በአንድ ምስል የሚናገር ሌላ ደራሲ አላውቅም።

ለረሃብሽ ደግሞ የኪም ስኮት «ዛት ዴድማን ዳንስ» አለ። ስኮት ኑንጋር ነው፣ ከምዕራብ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች አንዱ። ቦቢ የሚባለው ልጅ ከመጡት ዓሣ ነባሪ አዳኞች ጋር እየሣቀ፣ ቋንቋቸውን እየለቀመ፣ እየጨፈረ ያድጋል። መጽሐፉ ሲጀምር ቦቢ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በኖራ የእንግሊዝኛ ቃል በሰማው መጠን፣ ፊደሉን እያሳሳተ ይጽፋል። ርዕሱ ያለው ጭፈራ ራሱ ከእውነተኛ ታሪክ የመጣ ነው። በ1801 የእንግሊዛዊው መርከበኛ የማቲው ፍሊንደርስ ወታደሮች ባሕሩ ዳር ሰልፍ ሲሠሩ ኑንጋሮቹ አይተው ሰልፉን ወደ ራሳቸው ጭፈራ ለወጡት። እንግዲህ አስቢው፤ የመጣውን ሰው በጭፈራቸው ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀበሉት። ጥፋቱ በኋላ ሲመጣ በጣም ያማል፣ ምክንያቱም መጀመሪያውን ደስ ብሎሽ ነው ያነበብሽው። ግሬንቪል ጋ ከሩቅ ያየሻቸውን ሰዎች እዚህ ጋ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ትሰሚያቸዋለሽ።

ጡረተኛው_አንባቢ፦

ልጆቼ፣ ሪቻርድ ፍላናጋንን እንዴት ረሳችሁት? «ዘ ናሮው ሮድ ቱ ዘ ዲፕ ኖርዝ» በ2014 ቡከር ያገኘ ነው። ጃፓኖች በጦር ምርኮኞችና በእስያ ሠራተኞች ጉልበት ከታይላንድ ወደ በርማ ያሠሩት 415 ኪሎ ሜትር ባቡር መንገድ ታሪክ ነው። እዚያ ወደ 2,800 የሚጠጉ አውስትራሊያውያን አልቀዋል። የደራሲው አባት ከተረፉት አንዱ ነበሩ፤ መጽሐፉ የተበረከተው በምርኮኝነት ቁጥራቸው፣ ለ335 ነው።

እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ዶሪጎ ኢቫንስ ሐኪም ነው። በየማለዳው ከጃፓናዊው አዛዥ ጋር ስንት በሽተኛ ዛሬ ሥራ እንደሚወጣ ይከራከራል። አራት መቶ ካለው ሦስት መቶ ይላል፤ በመጨረሻ በተስማሙበት ቁጥር ልክ የሚወጡትን የሚመርጠው ራሱ ሐኪሙ ነው። ሊሞት የሚችለውን በእጁ እየነካ ይመርጣል። የፍቅሩ ታሪክ ለእኔ ረዝሞብኛል፣ ይህን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቤዛ_አዲስ፦

ሰላም፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። የአውስትራሊያ መጽሐፍ ያነበብኩት ጥቂት ነው፤ ግን ሁለት ልጨምር።

አንዱ የቤሩዝ ቡቻኒ «ኖ ፍሬንድ በት ዘ ማውንቴንስ» ነው። ኩርዳዊ ጋዜጠኛ ነው። አውስትራሊያ ስደተኞችን ታስቀምጥበት በነበረው በፓፑዋ ኒው ጊኒው ማኑስ ደሴት ታግቶ እያለ በሞባይል፣ በዋትስአፕ፣ በፋርስኛ ቁራጭ ቁራጭ እየላከ የጻፈው ነው። በ2019 ትልቁን የቪክቶሪያ ሽልማት ሲያገኝ እሱ ገና ደሴቱ ላይ ነበር። ለምግብ፣ ለስልክ፣ ለሽንት ቤት የሚሰለፉትን ሰልፍ የጻፈበት ክፍል አለ። ሰው እንዴት ቀስ በቀስ በወረፋ እንደሚሰበር ይገባችኋል። መሃል መሃል ግጥም ይገባበታል፤ ሰናይት እንዳለችው ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው የሚያምረው።

ሁለተኛው የሾን ታን «ዘ አራይቫል» ነው። በውስጡ አንድም የሚነበብ ቃል የለም፤ ሥዕል ብቻ ነው። አባት የቤተሰቡን ፎቶ ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሚስቱ እጇን እጁ ላይ ትጭናለች። ከዚያ ፊደሉም እንስሳውም ምግቡም የማያውቀው አገር ይገባል። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ይዞልን መጣ። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። መነጽሯን አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ገጹን እየገለጠች፣ በራሷ አማርኛ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከችልን። ሻንጣው ጋ ስትደርስ ወንድሜን ቀና ብላ አይታ ዝም አለች። እሱ ተነስቶ ውሃ ሊጠጣ ወጣ። ማንም ምንም አልተናገረም።

ጽጌ_ሜልበርን፦

በጣም ነው የማመሰግናችሁ። ሰናይት፣ ትናንት ማታ በምክርሽ ሞከርኩት። በሩን ዘግቼ፣ ትንሽ አፍሬ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። እባቡ ወንዞቹን እየሠራ የሚወርድበትን ክፍል ሳነብ ድምፄ ራሱ ቀስ አለ። አንጀል ዴይ ሰዓቱን ስታገኝ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰማንያኛውን ገጽ መቼ እንዳለፍኩት አላስተዋልኩም።

የፐርዙ፣ ስለዚያ ክፍል ያልከው ትክክል ነው። አንብቤዋለሁ፤ አልፌው ሄድኩ። ቤቱ መናፍስት አለበት ብዬ ብቻ ነበር የያዝኩት። ዛሬ ያንን ምዕራፍ ደግሜ አነበብኩና ልጅቷ ላይ ሳልቆም ለፊሽ ብቻ ማልቀሴ ከበደኝ። ሙሉውን እደግመዋለሁ።

ጋሼ፣ የእርስዎን ለክረምቱ አቆይቼዋለሁ፤ ያንን የማለዳ ክርክር ለማንበብ ትንሽ መዘጋጀት አለብኝ። ኬሊን ቅዳሜ ሄጄ አየዋለሁ። «ዛት ዴድማን ዳንስ»ን አስይዤያለሁ፣ ሁለት ሰው ይቀድመኛል። «ዘ አራይቫል»ን ግን አልዋስም፣ እገዛዋለሁ። እማዬ በሐምሌ ትመጣለች።