ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው በዶሮ መኖ፦ የጋራ ዕቅዳችንን እንጨርስ

ፀሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በዶሮ አርቢዎች ማኅበራችን ስብሰባ የተስማማንበትን ሙከራ እዚህ መልክ እናስይዘው። የዶሮ ኩስ በቀጠነ ቁጥር አንቲባዮቲክ ውኃ ውስጥ መበጥበጥ ልማድ ሆኖብናል። በጣም ያሳስበኛል። ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ቅሪቱም በእንቁላል ገብቶ ልጆቻችን ይበሉታል። ስዊድን አንቲባዮቲክን ለዕድገት ማፋጠኛ ብሎ መኖ ውስጥ መጨመርን በፈረንጆቹ 1986 አግዳለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ተከተላት። የኔ ሐሳብ፦ መኖው ላይ ነጭ ሽንኩርትና የሽፈራው ቅጠል እንጨምር፣ ጫጩቶቹም ላይ እንጀምር።

የዱከም አባል፦ ጫጩቱን ተዉት። አምና ኮክሲ የሚሉት የአንጀት በሽታ ሲገባብኝ በነጭ ሽንኩርት አድናለሁ ብዬ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ብዙ አለቁብኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሐኪም አባል፦ አይዞህ ወንድሜ። ኮክሲን የሚያመጣው ኮክሲዲያ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ የአንጀቱን ግድግዳ እየበላ ነው የሚራባው። ደም የቀላቀለ ኩስ ካያችሁ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ይሰጥ። ዕፅዋቱ ጤነኛ አንጀትን ያግዙ ይሆናል እንጂ ሕክምና አይተኩም። ክትባትም አይተኩም። ጉዝጓዙ እርጥብ ከሆነማ የምንጨምረው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሙከራው በእንቁላል ጣዮች ይሁን። ሽንኩርቱን ከትፋችሁ በጥላ አድርቁት፣ እሳት አይንካው፤ ባክቴሪያ የሚያዳክመው አሊሲን የሚባለው የሽንኩርቱ ንጥረ ነገር ሙቀት አይችልም። የሽፈራው ቅጠልም በደንብ ይድረቅ። ሻጋታ ካበጀ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ሒሳብ ያዥ፦ እኔ ደግሞ ወጪውን ላስላ። 100 ጣይ ዶሮ በቀን 12 ኪሎ ገደማ ይበላል። በ8 ሳምንት 672 ኪሎ ማለት ነው። ለኩንታል 1 ኪሎ የሽንኩርት ዱቄት ብንል ወደ 7 ኪሎ ያስፈልጋል። 1 ኪሎ ዱቄት ለማግኘት 3 ኪሎ ያህል እርጥብ ሽንኩርት ይገባል። በዛሬ ዋጋ ኪስ ይጎዳል! ሽፈራው ግን አንዳንዶቻችን ግቢ ውስጥ አለ። ብቻውን ይሞከር።

የቢሾፍቱ አባል፦ እትዬ፣ ሽንኩርቱ አይቅር። ግን ሁለቱን አንድ ላይ አንቀላቅል። ለውጥ ቢመጣ የትኛው እንዳመጣው በምን እናውቃለን? ሽፈራው አስኳሉን ቢጫ ያደርገዋል፣ ገዢ ደግሞ ቢጫ ይወዳል። ያንን ለብቻው ማየት አለብን። ምንም ያልተጨመረለት ክፍልም ይኑር።

ሒሳብ ያዥ፦ እሺ፣ ይሄ አሳምኖኛል። ሽንኩርቱን በመኸር ጊዜ በጅምላ እንግዛ።

ፀሐፊ፦ የጫጩቱን ሐሳቤን ትቼዋለሁ። ረቂቁ አሁን እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜያቸውና ዝርያቸው አንድ የሆኑ 300 ጣዮች በሦስት ክፍል፣ 100 100 ሆነው ለ8 ሳምንት ይያዛሉ። አንዱ ክፍል የተለመደውን መኖ፣ ሁለተኛው በኩንታል 1 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስተኛው በኩንታል 3 ኪሎ ሽፈራው የተጨመረበት መኖ ያገኛል። የተበላው መኖ፣ የእንቁላሉ ብዛት፣ የሞተው ዶሮና የጠዋቱ ኩስ በየቀኑ ይመዘገባል።» የእንቁላሉን ጣዕምና ሽታ በየሳምንቱ ራሳችን እንቀምሳለን።

የቀረው ቤቱ ነው። በአንድ ቀን የገቡ 300 ጣዮች ያሏችሁ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ።

የዱከም አባል፦ እኔ ጋ አሉ። ሦስት ክፍል አድርጌ እከፍለዋለሁ፤ የሽቦ መረቡን ብቻ ማኅበሩ ይርዳኝ።