ዓይኔ ደካማ መሆኑን ቀጣሪው መቼ ይወቅ?

ጠያቂዋ፦ አካውንቲንግ ጨርሻለሁ። ዓይኔ በከፊል ነው የሚያየው። ወረቀት ላይ ፊደሉ ካልገዘፈልኝ አላነብም፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ስክሪኑን አጉልቼ እንደማንም እሠራለሁ። መጀመሪያ ሲቪዬ ላይ ጻፍኩት። አንድም የጠራኝ የለም። ሳጠፋው በሁለት ሳምንት ሦስት ቦታ ተጠራሁ። ሐሙስ ስታዲየም አካባቢ የጽሑፍ ፈተና አለኝ። ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?

የ4 ኪሎ ልጅ፦ መልሱን ራስሽ ነገርሽን እኮ! ዝም በይ። እኔም እንዳንቺው ነኝ። ድሮ 4 ኪሎ ቦርድ ላይ የሥራ ማስታወቂያ የማነበው አፍንጫዬን ወረቀቱ ላይ ለጥፌ ነበር። ከኋላዬ «ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሥራሽን ሳያዩ ዓይንሽን ካዩ አለቀ። መጀመሪያ ግቢ። የሙከራ ጊዜው ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። እሱን እለፊና ያኔ ንገሪያቸው።

ኤችአሯ፦ ኧረ ተው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እኛ ጋ አንድ ልጅ ሳይናገር ገባ። ደረሰኝ ላይ 3ትን 8 እያለ ይመዘግባል። ቸልተኛ መስሎን ማስጠንቀቂያ ጻፍንበት፣ በሙከራው መጨረሻ ተሰናበተ። ለካ የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ስክሪን ብቻ ነበር። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ጋሼ መምህሩ፦ ልጄ፣ ተረቱን ተዪው፤ በሽታ አይደለም። እኔ ጭራሽ አላይም። ነጭ በትር ይዤ በሩን ስከፍት ተናግሬ ጨርሻለሁ። ልደብቅ ወይስ ልናገር የሚለው ጭንቀት የእናንተ የከፊሎቹ ነው። ሳያዩ እንደሚያይ ሰው ሆኖ መዋል ደግሞ ከሥራው በላይ ያደክማል።

አበረታቹ፦ አይዞሽ እህቴ! የትነበርሽ ንጉሤን አስቢ። በልጅነቷ ዓይኗን አጥታ ሕግ ተማረች፤ በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ወሰደች።

ጠያቂዋ፦ አደንቃታለሁ። ግን እኔ የፈለግኩት የጁኒየር አካውንታንት ቦታ ነው።

ሕግ የተማረው፦ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን በቅጥር ማዳላትን ይከለክላል። አሠሪው ለሥራውም ለሥልጠናውም አመቺ ሁኔታ እንዲፈጥርለት ያዛል። አድልዎ ደረሰብኝ ብለሽ ብትከሺ የማስረዳት ሸክሙ በአሠሪው ላይ ይወድቃል። ግን «አልነገረችንም» ካለሽስ? ያላወቀውን ነገር አላመቻቸህም ብለሽ ልትይዢው አትችይም። የዚያ የደረሰኙ ልጅ ነገር እንዲህ ነው። ቢናገር ኖሮ ሕጉ ከጎኑ ነበር።

የ4 ኪሎ ልጅ፦ አዋጁ ይመቸው! ስልክ ያልደወለልኝን ሰውዬ ግን ምን ብዬ ልክሰሰው?

ሕግ የተማረው፦ እሱ ላይ ልክ ነህ። ሳይደውል ለቀረ ሰው ማስረጃ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሲቪ ላይ አትጻፊ። አሁን ግን ተጠርተሻል፤ ስምሽ ዝርዝራቸው ውስጥ ገብቷል። ከዚህ በኋላ ቢሰርዙሽ ምክንያት ይጠየቃሉ። ዛሬውኑ በጽሑፍ ንገሪያቸው፣ በስልክ ብቻ እንዳይሆን።

ኤችአሯ፦ በዚህ እስማማለሁ። ስለ ዓይንሽ ታሪክ ግን አታብዢ። የእኛ ሰው «ዓይኔ» የሚል ቃል ካየ ይደነግጣል፣ አልዋሽሽም። «ፈተናው በትልቅ ፊደል ይታተምልኝ ወይም በኮምፒውተር ልፈተን» በይ። ይህን ለማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅብንም።

ጋሼ መምህሩ፦ በስካን አንስተው እንዳይሰጡሽ ብቻ። አንቺ ታጎይዋለሽ፣ የእኔ ስክሪን ሪደር፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ ግን ስካንን እንደ ፎቶ ቆጥሮት ዝም ይላል። እኔ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር በፍላሽ ይዤ ነው የምዞረው። ነፃ ነው፣ የማንም ኮምፒውተር ላይ ሳይጫን ይሠራል። «ለአንተ ሶፍትዌር መግዣ የለንም» ሲሉኝ ፍላሹን ከኪሴ አወጣለሁ።

የ4 ኪሎ ልጅ፦ እኔ አሁንም አልነግርም ነበር። ሐሙስ ቢሰርዙሽ የማስረዳት ሸክም ኪራይ አይከፍልልሽም።

ጠያቂዋ፦ ኢሜይሉን አሁን ላኩት። አራት መስመር ነው። «ዓይኔ» የሚለውን ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ አጠፋሁት፣ መጨረሻ ላይ ግን አስገባሁት። እስካሁን መልስ የለም። ፈተናው 5ኛ ፎቅ ነው መሰለኝ፤ ሊፍቱ የፎቁን ቁጥር ይናገር ይሆን?

ጋሼ መምህሩ፦ መጀመሪያ መብራት ይኑር እንጂ ልጄ።